ጥጃው በላው የተባለው ሹራብ

ከሰልባጅ ገበያ የገዛሁትን ሹራብ ተርትሬ፣ ክሩን ማንቆርቆሪያ አፍ ላይ በእንፋሎት ሳቃና የሚወጣ ሽታ አለ። የረጠበ በግ ሽታ ነው። ትንሽ ሳሙና፣ ትንሽ ላብ፣ ትንሽ ደግሞ የማላውቀው ሰው ቁም ሳጥን አለበት። ባለቤቴ አለምነሽ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ "አንተ ሰውዬ፣ በግ ገዝተህ አታርድልንም? ሽታውን ብቻ ነው እንዴ የምታጠግበን!" ትለኛለች። እኔ ግን አልሰማትም። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ደባርቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ደባርቅን እናፍቃለሁ። ያኛውን ደባርቅ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚውጠውን፣ ጉሙ ጠዋት ከሊማሊሞ ወጥቶ በር ሳያንኳኳ ቤት የሚገባውን።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ። ሥራዬ ጎሚስታ ነው። ሊማሊሞን የወጣ መኪና ጎማው እየተነፋፈሰ እኔ ደጅ ሳይቆም አያልፍም። የምኮራው ግን በጎማ አይደለም፣ በሹራብ ነው። ከሊማሊሞ ወዲህ እንደኔ ሹራብ የሚሠራ ወንድ የለም። ከሊማሊሞ ወዲያም የለም፣ ሾፌሮቹን ጠይቄያለሁ። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ሰሞን ይሥቁብኝ ነበር። "ጎሚስታው፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትወልድ ነው?" ይሉኛል፣ ክሩን ጭኔ ላይ ሲያዩ። ብርዱ ሲጠና ግን ያው የሣቀው ሰውዬ ነው በጓሮ መጥቶ "እስቲ ለኔም አንድ…" የሚለኝ። ለሰው አልሠራም። ለቤተሰቤ ነው፣ ለራሴም ነው። ለአለምነሽ ድሮ የሴት አስተማሪዎች ይለብሱት እንደነበረው አንገቱ ክብ፣ ባለ ሁለት ኪስ፣ ባለ ትልልቅ ቁልፍ ሠርቼላታለሁ። ለራሴ እጅጌ የሌለው፣ ደረቱ ላይ ቡናማና ክሬም የተጋጠመበት፣ ለብሼው ስወጣ ሰው ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው ብሎ የሚነሣልኝ። ጎንደር የምትማረው ልጄ ሐና ደግሞ አንዱን ለብሳ ግቢ ብትገባ ጓደኞቿ ከበቧት አሉ። ስልክ ደውላ "አባዬ፣ ቪንቴጅ ነው እኮ የሚባለው! ከየት አመጣሽው እያሉኝ ነው" አለችኝ። እኛ አሮጌ ስንለው የኖርነውን ልብስ እነሱ ስም አውጥተው ክርስትና አነሡት። "ከአባቴ ጉልበት ላይ በያቸው" አልኳት።

ማን አስተማረህ ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነበር፤ ማንም። ራሴን በራሴ። ነበር ያልኩት እንዲሁ አይደለም፣ እደርስበታለሁ።

ያኔ እኔ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሻይ ባሥር ሳንቲም ነበር፣ ስሙኒ ይዘህ ከገባህ ደግሞ ሻይህን ከነዳቦው ጠጥተህ ባለቤቷን "ነገ እመጣለሁ" ብለህ እንደ ባላባት ትወጣለህ። የጎረምሳው ሱሪ ቦላሌ ነው፣ ከታች ሁለት ዶሮ ይደብቃል። ሸሚዙ ቴትሮን፣ ኮሌታው እስከ ትከሻ የሚደርስ፣ በነፋስ ጊዜ ጆሮ ግንድ የሚመታ። መኪና መቆሚያው ጥግ ላይ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ያላት ሻይ ቤት ነበረች። ባትሪው ሲደክም ዘፈኑ ይጎተታል፣ ሴቲቱ ዘፋኝ ቀስ በቀስ ወንድ ትሆናለች። እኛ በዚያው ድምፅ ነው የለመድናት። ኋላ ጎንደር ሄጄ በደህና ቴፕ ስሰማት "ይቺ ደግሞ ማናት?" አልኩ። ዛሬም ያንን ዘፈን ሳንጎራጉር በደከመ ባትሪ ነው የማንጎራጉረው፣ አለምነሽ "አሞሃል?" እስክትለኝ ድረስ።

ያንን ሊማሊሞ በኤንትሬ የጭነት መኪና ከሚወጡት ሾፌሮች አንዱ ጋሼ ደምሴ ነበሩ፣ የእታበባ ባል። እታበባ ታላቅ እህቴ ናት። ስሟ ወርቄ ነው፣ እታበባ የምላት እኔ ነኝ። የጋሼ ደምሴ መኪና ገና ገደሉ ሥር ሳለ ድምፁ ይሰማል፣ እያቃሰተ፣ እየተሳደበ፣ አንዳንዴም እያለቀሰ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ጥሩምባቸውን ከሰማን ገና አንድ ሰዓት አለን ማለት ነው፣ እግራችንን ታጥበን እንጠብቃለን። ሲወርዱ ነዳጅ ነዳጅ፣ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታሉ። ታዲያ እታበባን ባገቡ ሰሞን ከአሥመራ አንድ ሹራብ ይዘውላት መጡ።

ሹራብ ብዬ ዝም አልልም። አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ይኼኛው ሐምሌ ላይ ዝናቡ ባንድ ሌሊት ያበቀለው የገብስ ቡቃያ ነው። ከፊት ባለ ቁልፍ፣ በቁልፎቹ ግራና ቀኝ ከወገብ እስከ አንገት የገብስ ዛላ የመሰለ ጥልፍልፍ የሚወጣበት። የደባርቅ ሴት ሁሉ "እስቲ ልንካው" ብላ ነክታዋለች። ጎንደር ወርደው ፎቶ ቤት ተነሡበት፣ እታበባ ቁጭ ብላ፣ ጋሼ ደምሴ ከኋላ ቆመው፣ ትልቁ እጃቸው ግራ ትከሻዋ ላይ ወርዶ የገብሱን ግማሽ ሸፍኖት። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፣ ወገቧ ጋ ሲደርስም ያልቃል።

በዓመቱ እታበባ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናታችን ቤት መጣች፣ እንደ ወጉ። ሹራቡ ሆዷ ላይ አልቆለፍ ስላላት ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። እኔም አየሁት። ጠዋት አየሁት፣ ማታ አየሁት። እንዴት አንድ ክር እጅጌ ይሆናል? እንዴት ገብስ ይሆናል? እንቅልፍ ነሣኝ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሰው ሁሉ ወደ ታቦቱ ሲወጣ "ሆዴን አመመኝ" ብዬ ቀረሁ። በበዓል ክር አይነካም፣ እንዝርት አይዞርም፣ ይኼንን የማያውቅ የለም። እኔ ግን አሰብኩበት። የተከለከለው መሥራት ነው። ማፍረስን የከለከለ ቄስ ሰምቼ አላውቅም።

መጀመሪያ ከታች ጎተትኩት፣ እምቢ አለ። ያን ቀን ነው የተማርኩት፣ ሹራብ የሚፈታው ከተጀመረበት አይደለም፣ ከተጨረሰበት ነው። አንገቱ ላይ አንዲት ቋጠሮ አገኘሁ፣ በጥርሴ በጠስኳትና ሳብኩ። ጥርርርር። እጄ ላይ ሙቅ ነገር ፈሰሰ። አንድ ረድፍ ሄደ። ዛላው እንዴት እንደሚጣመም አየሁና "እንዲህ ነው ለካ!" አልኩ፣ ሌላውን ለማየት ሌላ ረድፍ ሳብኩ። እጅጌዎቹን ለየብቻ ፈታሁ። ጊዜው የት እንደሄደ አላውቅም፣ ደወል ይሰማኛል፣ እልልታ ይሰማኛል፣ እኔ ክር ውስጥ እየዋኘሁ ነው። አራት ጣት ያህል ሲቀረው ክሩ አንድ ቋጠሮ ላይ ያዘኝና ቀና አልኩ። ሰው ከሚካኤል እየተመለሰ ነው፣ ድምፃቸው ደጅ ደርሷል።

ጭንቅላቴ እንደዚያን ቀን ሠርቶ አያውቅም። የፈታሁትን ክር ጠቅልዬ ከገብስ ጎተራው ጀርባ ወሸቅሁ። የቀረችውን ቁራጭ ቤት ውስጥ ለታሰረው ዳልቻ ጥጃችን አፉ ላይ ሰጠሁት። የኛ አገር ጥጃ ጨው ጨው ያለው ልብስ ካገኘ ነፍሱን ይሰጣል፣ እሱም ሳያሳፍረኝ ጎረሰ። በሩ ሲከፈት "ጥጃው በላው! ጥጃው ሹራቡን በላው!" እያልኩ እጮኻለሁ።

እናቴ ጥጃውን ሁለቴ በጅራፍ አቀመሰችው። አባቴ "ጨው ስላላገኘ ነው፣ ምን ያድርግ" ብሎ ጨው አስላሰው። እታበባ ቁራጯን ከአፉ መንጭቃ ዘርግታ አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ። ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች። ጋሼ ደምሴ ሲመጡ "ሌላ አመጣልሻለሁ፣ አይዞሽ" አሏት። ኋላ ግን ዘመኑ ተበላሸ፣ መንገዱም ተዘጋ፣ ያ መኪናም ወደ አሥመራ መሄዱ ቀረ። ሌላ ሹራብም አልመጣም።

እኔ ታዲያ ከጎተራው ጀርባ ሀብታም ነኝ። ክሩ አለኝ፣ መሥሪያ ግን የለኝም። አንድ ቀን እዚያው ስገባ ሁለት የብስክሌት ጎማ ሽቦ፣ ጫፋቸው በሞረድ ሾሎ፣ ጎተራው ሥር ወድቀው አገኘሁ። በሰፈራችን ብስክሌት ያለው ሰው አልነበረም። "እግዜር ጣለልኝ" አልኩና አልመረመርኩም፣ እግዜር ሞረድ ከየት አመጣ ብዬም አልጠየቅኩም። በነሱ ጀመርኩ። ችግሩ የሠራሁትን ማሳየት አልችልም፣ ክሩ ይመሰክርብኛል። ስለዚህ ኮፍያ እሠራለሁ፣ አየዋለሁ፣ እፈታዋለሁ። እጅጌ እሠራለሁ፣ አየዋለሁ፣ እፈታዋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያንኑ አንድ ክር ስሠራ ስፈታ፣ ክሩ ሳስቶ እንደ ሸረሪት ድር በእጄ ላይ አለቀ። ዩኒቨርሲቲዬ እሱ ነው።

እንግዲህ ወዲህ እንምጣ። ጋሼ ደምሴ ዳባት ቤታቸው ዐረፉ። እታበባ ጥቁር ለበሰች። አርባው ወጣ፣ ሙት ዓመቱም ወጣ። በሙት ዓመቱ ዘመድ እንደ ወጉ ነጭ ቀሚስና ነጠላ ገዝቶ "በይ ወርቄ፣ ይብቃሽ፣ አውልቂ" አላት። አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። "ሲለኝ አወልቃለሁ" ብቻ ነው መልሷ። ሁለተኛው ዓመት ሊሞላ ሆነ፣ አልወለቀም። ሣቂታዋ ሴትዮ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አትወጣም። ደባርቅ እንኳ ከመጣች ቆየች። ጥቁር ሲበዛ ሐዘን ይጠራል ይላሉ አዋቂዎች፣ እኔም ፈራሁላት። በሄድኩ ቁጥር ያቺን ፎቶ ይዛ አገኛታለሁ። አንድ ቀን ታዲያ ፎቶውን በእጇ እየዳበሰች "ሹራቤን እንኳ ሳልጠግባት" አለች። ለኔ ሳይሆን ለፎቶው ነው ያለችው። እኔን ግን እዚህ ጋ ወጋኝ።

ሰው ሞልቶ ነበር፣ አፌ ደግሞ ሰው ሲያይ አያርፍም። "እታበባ! ይቺን ጥቁር እኔ ነኝ የማስወልቅሽ!" አልኩ፣ ተነሥቼ። ስንመለስ መንገድ ላይ አለምነሽ "ካላወለቀችስ?" አለችኝ። "ሪዜን እላጫለሁ" አልኳት። ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ሪዜን ያየ ያውቀዋል።

ከዚያ በየቅዳሜው የሰልባጅ ክምር ውስጥ ገብቼ አረንጓዴ ፍለጋ ሆነ። ነጋዴው "ጋሼ ጌታቸው፣ ይኸው አረንጓዴ!" ይለኛል። "ይኼ የወታደር ነው።" "ይኸኛውስ?" "ይኼ የጠርሙስ ነው። እኔ የምፈልገው የገብስ ነው።" "ገብስ ከፈለጉ እህል ተራ ይሂዱ እንጂ!" እያለ ይሥቅብኛል። በስንት ቅዳሜዬ፣ ባንድ ሌሊት የበቀለ የሚመስል፣ ለግዙፍ ሰው የተሠራ አንድ ሹራብ ከክምሩ ሥር ወጣ። ተረተርኩት፣ ክሩ እንደ ተፈታ ሹሩባ ተጠቅልሎ አስቸገረኝ፣ ማንቆርቆሪያው ላይ አቃናሁት። ያ የነገርኳችሁ ሽታ ነው።

ፎቶውን በሐና ስልክ አስነሥቼ፣ አሳትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ግን አላስፈለገኝም። የጋሼ ደምሴ እጅ የሸፈነውን ግማሽ ገብስ ጣቶቼ ያውቁታል፣ ከላይ ወደ ታች፣ ወደ ኋላ ያውቁታል፣ ዳዊት ከመጨረሻው መዝሙር ጀምሮ እንደሚደግም ሰው። ከታች ወደ ላይ ስሠራው ያንን ቀን ወደ ፊት እየመለስኩት ነበር። ደወሉ ይሰማኛል፣ ጥጃው ይሰማኛል። የታችኛውን ጠርዝ ብቻ ትዝ አልለኝ ስላለ ተራውን ዓይነት ሠራሁትና አለፍኩ። ማን ያያል?

የሰኔ ሚካኤል ዕለት በጋዜጣ ጠቅልዬ ዳባት ሄድኩ። እታበባ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፣ ጥቁር በጥቁር።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ክፈቺው።"

ከፈተችው። ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። አንድ ጣቷን በገብሱ ላይ ከታች እስከ አንገት አወጣችው። እኔ ንግግር ተዘጋጅቼ ነበር፣ ከመፍታቱ ጀምሮ እስከ ይቅርታው በቃሌ አጥንቼዋለሁ። እሷ ቀና ብላ አየችኝ።

"ጥጃው ተፋው?" አለችኝ።

"የምን ጥጃ?"

"ዳልቻው ነዋ። አርባ ዓመት ሲያመሰኳ ከርሞ ዛሬ ተፋው?"

ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች፣ ሳጥኗ ሲከፈት ሰማሁ። ስትመለስ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ፈታችው። ያቺ አራት ጣት ቁራጭ ናት፣ አረንጓዴው ደብዝዞ፣ በመሐሉ በነጭ ክር ትንንሽ ጥርስ ጥርስ የተሠራበት።

"እይ" አለችኝ። "ጥጃ ሲበላ ይቀዳል፣ ያኝካል። ይኼ ግን ቀለበቱ ሁሉ ተሰልፎ ቆሟል። የትኛው ጥጃ ነው ረድፍ ቆጥሮ የሚበላ?"

"ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልተናገርሽም?"

"አባባ ቢሰማ ቆዳህን ይገፍህ ነበራ! ጥጃው ሁለት ተመታ፣ ጨው ላሰ፣ ሄደ። አንተ ግን ቀጭን ነበርክ።"

"ጋሼ ደምሴስ? ጥጃው በላው ብለሽ ነው የቀረሽው?"

"ለሱማ ነገርኩት። ሲሥቅ መሪ ሊለቅ ነበር። 'ተዪው፣ ፈትቶ ያየ ልጅ ይሠራዋል' አለኝ።" "ሽቦዎቹን ማን ያሾለልህ መሰለህ? መኪናው ሥር ተኝቶ ግማሽ ቀን ሲሞርድ ነው የዋለው። እኔ ነኝ ጎተራው ሥር የጣልኳቸው።"

ማንም አላስተማረኝም እያልኩ ስንት ሰው ፊት ደረቴን ነፍቻለሁ። ስንት ሾፌር ፊት። ሪዜን ይዤ ወደ መንገዱ ዞርኩ። ቢያዩኝ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባብኝ እላለሁ ብዬ ነበር፣ ግን ሰኔ ነው፣ አቧራ የለም።

እታበባ ሹራቡን ገለበጠችው። "ታችኛውን ተሳስተሃል። ጥርሱ የታለ?"

"አላስታወስኩትማ።" እውነቴን ነው። ከዚያ ሹራብ የማላውቀው ያልፈታሁትን ብቻ ነው።

"በል ፍታው። በዚህ በኔው ቁራጭ ላይ ቀጥለህ ሥራውና አምጣ። ያን ጊዜ እለብሰዋለሁ።"

"ሙሉውን? እታበባ፣ አራት ወር የሠራሁት እኮ ነው!"

"እኔ አርባ ዓመት ጠብቄያለሁ።"

"ደግሞ ዛሬ ሚካኤል ነው።"

"ያኔስ ምን ነበር?"

አንገቱ ላይ ያለችውን ቋጠሮ ፈለግሁና ሳብኩ። ጥርርርር። እሷ የጥቁር ቀሚሷን እጅጌ እስከ ክርኗ ጠቅልላ ክሩን እየተቀበለች ትጠቀልላለች፣ እኔ እስባለሁ። እጅጌው ላይ ስንደርስ "ቀስ በል፣ አንተ ጥጃ!" አለችኝና ሣቀች። ድምፅ አውጥታ፣ እንደ ድሮዋ። ከክሩ የሚረግፈው ብናኝ ጥቁር ቀሚሷ ላይ አረፈ፣ ጭኗ ላይ፣ ደረቷ ላይ፣ እየበዛ ሄደ። ስንጨርስ ቀና ብዬ አየኋት። ሐምሌ ላይ ቡቃያ ያወጣ ጥቁር መሬት መስላ ነበር፣ እሷ አላየችውም። እኔም እንዳታራግፈው ዝም አልኩ።

ክረምቱን ሙሉ ሠራሁት። አሮጌዋ ቁራጭና አዲሱ ክር አንድ አረንጓዴ አይደሉም፣ የተቀጠለበት ቦታ ከሩቅ ይታያል። ደብቀው አላለችኝም፣ እኔም አልደበቅኩትም። ለእንቁጣጣሽ ከዳባት አውቶቡስ ወረደች፣ ያንን ሳጥን የገባ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ሹራቡን ደርባ፣ ቁልፉን እስከ አንገቷ ቆልፋ። መኪና መቆሚያው ላይ የደባርቅ ሴት ሁሉ ድጋሚ "እስቲ ልንካው" አለች። አለምነሽ ሪዜን አየት አድርጋ "ተረፍክ" አለችኝ።

ሁሉም ነገር በሰላም አለቀ። ዳልቻውን ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቀው የለም።